«የኔ አስም የአለርጂ ነው፤ ከሲጋራ ጋር አይገናኝም»

ጥያቄ፦ «ወንድሜ 42 ዓመቱ ነው፤ አዲስ አበባ ነው የሚኖረው። ልጅ ሆኖ አስም ነበረው፤ ሁለተኛ ደረጃን ሲጨርስ ተወው፤ ከስድስት ዓመት በፊት ደግሞ ተመለሰበት። ባለፈው ዓመት ብቻ ሦስት ጊዜ ድንገተኛ ክፍል ገብቷል። ሁለት ዓይነት ፓፍ ይወስዳል፤ የቴዎፊሊን ኪኒን አለው፤ ሲብስበት ፕሬድኒሶሎን ይሰጡታል። ሐኪሙ ‹ከባድ አስም ነው፤ ደምህ ውስጥ ያለው ኢዮሲኖፊል 420 ነው› ብሎታል። እኔ ቨርጂኒያ ነኝ። እዚህ አንዲት የሥራ ባልደረባዬ በየወሩ በምትወጋው መርፌ በጣም ተሽሏታል። ገዝቼ ልላክለት? ሲጋራ የሚያጨሰው ጫት ሲቅም ነው። ስንጨቀጭቀው ‹የኔ አስም የአለርጂ ነው፤ ከሲጋራ ጋር አይገናኝም› ይላል። እውነቱን ነው?»

ምላሽ፦

እህቴ፣ ከመጨረሻው ጥያቄዎ ልነሳ። እውነቱን አይደለም፤ ግን ከባዶ ተነስቶም አልተናገረም። በልጅነቱ የጀመረውን አስም ሲጋራ አላመጣበትም፤ ያኔ ሲጋራ የት አባቱ ያውቃል? የተሳሳተው፣ አስም አንዴ «የአለርጂ» ከተባለ እስከ ዕድሜ ልክ ያው ሆኖ ይቀራል ብሎ ማሰቡ ላይ ነው። ሲጋራ አስምን ከማባባስ አልፎ መልኩን ይለውጣል፣ ሰውነት ለመድኃኒቱ እንዳይታዘዝ ያደርጋል፣ የምርመራ ውጤትንም ያዛባል። ስለዚህ ወንድምዎ ስንት ሲጋራ እንዳጨሰ ሳይታወቅ 420 የምትለዋ ቁጥር ብቻዋን ብዙ አትነግረንም። መርፌውን አይላኩ። ለምን እንደሆነና በምትኩ ምን ቢልኩለት እንደሚሻል እመጣበታለሁ።

በቅድሚያ «ከባድ» የምትለዋን ቃል እናጥራት። እኛ ከባድ አስም የምንለው፣ ከፍተኛ መጠን ያለው የሚሳብ ስቴሮይድ (የቧንቧውን ቁጣ የሚያበርድ መድኃኒት) የአየር ቧንቧን ለረጅም ሰዓት ከሚከፍት መድኃኒት ጋር በትክክል እየተወሰደ፣ አስሙን የሚቀሰቅሱት ነገሮችም ተወግደውለት፣ እንዲያም ሆኖ አልታዘዝ ያለውን ነው። ሦስት ጊዜ ድንገተኛ ክፍል መግባት አደገኛ ምልክት ነው፤ ብቻውን ግን ይህን ስም አያሰጥም። በኔዘርላንድስ በተደረገ አንድ ጥናት ከአዋቂ የአስም ሕሙማን 17 ከመቶ ያህሉ ለማከም ያስቸገሩ ሆነው ተገኙ። ከእነሱ ውስጥ ፓፉን በትክክል የሚስቡትና ሳያቋርጡ የሚወስዱት ሲለዩ፣ እውነተኛ ከባድ አስም ያለባቸው ከጠቅላላው 4 ከመቶ እንኳ አልሞሉም። ወንድምዎ እያጨሰ እስካለ ድረስ ከሁለቱ የየትኛው ወገን እንደሆነ የሚያክመው ሐኪምም አፉን ሞልቶ ሊናገር አይችልም፤ ከቀስቃሾቹ ዋነኛው አልተነካማ።

«ጫት ስቅም ብቻ» የምትለው መልስ በምርመራ ክፍሌ ውስጥ ስንቴ እንደተሰማች አልነግርዎትም። በአገራችን አጫሹ ጥቂት ነው፤ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ2016 በተደረገው አገር አቀፍ የአዋቂዎች ጥናት ትንባሆ ተጠቃሚው 5 ከመቶ ነበር፤ ከወንዶች 8.1፣ ከሴቶች 1.8 ከመቶ። ከዚህ የተነሳ ሐኪሙም መጠየቁን ይዘነጋል፤ ታካሚውም ራሱን ከአጫሽ አይቆጥርም። ሲጋራውንም በነጠላ ስለሚገዛ «በቀን ስንት ፓኬት?» ሲባል መልስ የለውም። እንግዲህ አብረን እናስላ። አንድ ፓኬት 20 ፍሬ ነው። ከሰኞ እስከ ዓርብ በቀን 5 ፍሬ፣ ቅዳሜና እሁድ በርጫ ላይ ደግሞ አንዳንድ ፓኬት ቢያጨስ በሳምንት 65 ፍሬ ይሆናል። በቀን ሲካፈል ከ9 ትንሽ ይበልጣል፤ ግማሽ ፓኬት ሊሞላ ትንሽ የቀረው ማለት ነው። በ18 ዓመቱ ጀምሮ ከሆነ በ24 ዓመት ተባዝቶ 11 «ፓኬት-ዓመት» ይመጣል። በቀን አንድ ፓኬት ለ11 ዓመት ካጨሰ ሰው ጋር እኩል ነው ማለት ነው። ይህ የእኔ ግምት ነው፤ ትክክለኛውን ቁጥር እሱ ያውቀዋል፤ ተቀምጣችሁ አስሉት። 10 ፓኬት-ዓመት ለምን እንደ ድንበር እንደሚቆጠር በኋላ ይገባዎታል።

አሁን ወደ ዓይነቶቹ። አስም የሚል አንድ ስም እንጠቀም እንጂ በውስጡ ያለው ብግነት፣ ማለትም የቧንቧው መቆጣትና ማበጥ፣ አንድ አይደለም።

በልጅነት የሚጀምረው ብዙ ጊዜ የአለርጂ ነው፦ አፍንጫ ይፈስሳል፣ ዓይን ያሳክካል፣ አቧራና ድመት ያስነሱታል፣ በደም ውስጥ አይጂኢ የሚባለው ፕሮቲን ከፍ ይላል። ሲጋራ አይጂኢን ራሱን ከፍ ያደርጋል። የአፍንጫ አለርጂ ያለው ሰው ሲያጨስ አስም የመያዝ ዕድሉም በሚያጨሰው ልክ ይጨምራል። ስለዚህ «የአለርጂ ነው» የሚለው መከራከሪያ ወንድምዎን አይረዳውም፤ እንዲያውም እንዳያጨስ ከሌላው ሰው የበለጠ ምክንያት ይሆነዋል። ልጅ ሆኖ የተወው አስም በ36 ዓመቱ የተመለሰው በአጋጣሚ ሊሆን ይችላል፤ እኔ ግን ሲጋራውን ከተጠርጣሪዎቹ ዝርዝር አላወጣውም።

ሁለተኛው በጎልማሳነት የሚመጣው የኢዮሲኖፊል አስም ነው። ኢዮሲኖፊል የነጭ የደም ሴል ዓይነት ነው፤ የዚህ አስም ባለቤቶች ብዙ ጊዜ በቆዳ ምርመራ አለርጂ አይገኝባቸውም፤ አፍንጫቸው ውስጥ ሥጋ ያበቅላል፤ ማሽተት ያቅታቸዋል፤ አንዳንዶቹን አስፕሪን ያፍናቸዋል። ወንድምዎን ሽታ ይሸተው እንደሆነ ይጠይቁት። ቀድሞ ያጨሱና የተዉ ሰዎችን እዚህ ቡድን ውስጥ በብዛት እናገኛቸዋለን፤ ሲጋራ የሚያስነሣው ኒውትሮፊል የሚባለውን ሌላ የነጭ የደም ሴል ብቻ ነው የሚለው የቆየ አስተሳሰብ እዚህ ላይ ይፈርሳል። በጎልማሳነት አስም የጀመራቸውን ሰዎች ለ12 ዓመት የተከታተለ የፊንላንድ ጥናት አለ። 10 ፓኬት-ዓመትና ከዚያ በላይ ያጨሱት በአንዲት ሰከንድ የሚያስወጡት አየር በየዓመቱ 54 ሚሊሊትር ያህል ቀንሶባቸዋል፤ ከዚያ በታች ያጨሱት ወይም ጨርሶ ያላጨሱት ግን 36 ያህል። ልዩነቱ በወር አይታወቅም፤ በሃያ ዓመት ግን ደረጃ መውጣት የሚችልንና የማይችልን ሰው ይለያል።

ሦስተኛው የኒውትሮፊል አስም ነው፤ ጭስ በገዛ እጁ የሚሠራው ይህን ነው። ኒውትሮፊል ማለት ኢንፌክሽን ሲመጣ ቀድመው የሚደርሱ ሴሎች ናቸው። ጭስ በየቀኑ ሲገባ እሳት ተነሣ ብለው እየሮጡ ይመጣሉ፤ እሳቱ ስለማይጠፋም አይመለሱም። አክታው ይወፍራል፤ ሰውየው ጠዋት ጠዋት ሲስል ይቆያል፤ ፋርማሲ ሄዶ አንቲባዮቲክ ይገዛል፤ ለሳምንት ይሻለዋል፤ ደግሞ ይመለሳል። ይህን አዙሪት የማያውቅ የሳንባ ሐኪም ያለ አይመስለኝም። ከውፍረት ጋር የሚመጣና ብግነቱ እምብዛም የማይታይ አራተኛ ዓይነትም አለ፤ ከሰጡኝ ታሪክ ጋር ስለማይመሳሰል አልፈዋለሁ። ደግሞ በአንድ አጫሽ አክታ ውስጥ ኢዮሲኖፊልም ኒውትሮፊልም አብረው መገኘታቸው እንግዳ ነገር አይደለም። ሕመም በመጽሐፍ እንደተጻፈው ተከፋፍሎ አይመጣም።

አሁን ዋናው ጉዳይ ላይ ደረስን፤ የስቴሮይዱ ነገር። የሚሳበውም ሆነ እንደ ፕሬድኒሶሎን ያለው የሚዋጠው ስቴሮይድ ሴሉ ውስጥ ገብቶ ብግነት የሚያቀጣጥሉትን ጂኖች የሚዘጋው ኤችዳክ 2 በሚባል ኢንዛይም አማካይነት ነው። የሲጋራ ጭስ ይህን ኢንዛይም ያዳክመዋል። ቁልፉ አለ፣ በሩ አለ፣ የሚያዞረው እጅ ግን ሽባ ሆኗል። በስኮትላንድ ግላስጎው ያሉ ሐኪሞች እንደ ፈረንጆቹ በ2003 ባወጡት ጥናት አስም ላለባቸው ሰዎች በቀን 40 ሚሊግራም ፕሬድኒሶሎን ለሁለት ሳምንት ሰጡ። አጭሰው የማያውቁት ትንፋሻቸው ተሻሻለ፤ አጫሾቹ ያንኑ ኪኒን ውጠው የረባ ለውጥ አላሳዩም። ለወንድምዎ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ያስቡት። ፕሬድኒሶሎኑ የስኳር፣ የአጥንትና የደም ግፊት ዕዳውን ሳይቀንስ ያስከፍለዋል፤ ጥቅሙን ግን ሲጋራው ይበላበታል።

ደስ የሚለው ይህ ሽባነት ለሁልጊዜ አለመሆኑ ነው። እነዚያው የግላስጎው ሐኪሞች በ2006 ባወጡት ሌላ ጥናት ሲጋራውን ለስድስት ሳምንት የተዉ የአስም ሕሙማን ማጨሱን ከቀጠሉት ጋር ሲነጻጸሩ በአንዲት ሰከንድ የሚያስወጡት አየር በ407 ሚሊሊትር በልጦ ተገኘ፤ አክታቸው ውስጥ ያለው ኒውትሮፊልም ቀነሰ። ጥናቱ ትንሽ ነው፤ የተዉት አሥር ሰዎች ብቻ ነበሩ፤ ስለዚህ 407ን እንደ ቃል ኪዳን አይያዙት። ቢሆንም ፓፍ ላይ ፓፍ በመደረብ ይህን ያህል ለውጥ አይቼ አላውቅም።

ወደ 420 እንመለስ። በደም ውስጥ ያለ ኢዮሲኖፊል ከ300 ሲያልፍ የኢዮሲኖፊል አስም ነው ወደሚለው እናዘነብላለን። ወንድምዎ ላይ ግን ሦስት ጥያቄ አለኝ። ደሙ የተቀዳው መቼ ነው? ፕሬድኒሶሎን በሰዓታት ውስጥ ኢዮሲኖፊልን ስለሚያወርድ፣ መድኃኒቱን እየወሰደ ከሆነ እውነተኛው ቁጥር ከ420 በላይ ነው። ሁለተኛው የእኛ አገር ጣጣ ነው፤ የሆድ ትል። አስካሪስ፣ መንጠቆ ትልና ስትሮንግሎይድስ ኢዮሲኖፊልን በደንብ ያንራሉ። አስካሪስ እጭ ሆኖ በሳንባ ሲያልፍ አስም የሚመስል ሳልና ማፈን ያመጣል። ቨርጂኒያ ውስጥ 420 ያየ ሐኪም በቀጥታ አስም ያስባል፤ አዲስ አበባ ያለው ግን መጀመሪያ ሰገራ ማየት አለበት። ስትሮንግሎይድስ በተለይ በቀልድ የሚታይ አይደለም፤ ሳይታከም በላዩ ላይ ፕሬድኒሶሎን ሲደጋገም ትሉ በሰውነት ተባዝቶ ሊገድል ይችላል። አንድ የሰገራ ምርመራ ሊስተውም ስለሚችል ጥርጣሬ ካለ መድገም ወይም ሐኪሙ ተማምኖበት ማከም ይሻላል። ሦስተኛው ናይትሪክ ኦክሳይድን በትንፋሽ የሚለካው ምርመራ ነው። ውጭ አገር ሄዶ ቢያሠራና «ዝቅተኛ ነው» ቢሉት አይደሰት፤ አጫሾች ላይ ይህ ቁጥር ብግነቱ እያለም ዝቅ ይላል። ሲጋራው ሲቆም ነው የሚነሣው።

ሌላም ሳልጠይቅ የማላልፈው አለ። በ42 ዓመቱ 11 ፓኬት-ዓመት ያጨሰ ሰው አስም ብቻ ነው ያለበት? ሲኦፒዲ የሚባለው ሥር የሰደደ የሳንባ መጥበብ በላዩ ላይ ተደርቦ ሊሆን ይችላል። ስፓይሮሜትሪ፣ ማለትም በአፍ ተነፍቶ የሚለካው የሳንባ ምርመራ፣ ቧንቧ የሚከፍተውን ፓፍ፣ ሳልቡታሞልን፣ ከመውሰዱ በፊትና በኋላ ይሠራለት። በኋላው ልኬት የአንድ ሰከንዱ አየር ከጠቅላላው ከ0.70 በታች ሆኖ ከቀረ ቧንቧው ሙሉ በሙሉ አልተከፈተም ማለት ነው። በ12 ከመቶና በ200 ሚሊሊትር ከተሻሻለ ደግሞ የአስሙ ጠባይ አለ። ሁለቱም አብረው ሊታዩ ይችላሉ። አክታም ካለው የቲቢ ምርመራ፣ ጂን ኤክስፐርት፣ ይሠራለት፤ አጫሽ ለቲቢ ቅርብ ነው፤ አስም ያለበት ሰው ሲስል ደግሞ ሁሉም «ያው አስሙ ነው» ብሎ ያልፈዋል።

መርፌው። ባልደረባዎ የምትወጋው እንደ ሜፖሊዙማብ ወይም እንደ ኦማሊዙማብ ያለ ይመስለኛል። ድንቅ መድኃኒቶች ናቸው፤ ለተገቢው ሰው ድንገተኛ ክፍልን ያስረሳሉ። ነገር ግን ለከባድ አስም በተፈተኑባቸው ትላልቅ ጥናቶች ውስጥ በአብዛኛው እያጨሱ ያሉ ሰዎችና ከ10 ፓኬት-ዓመት በላይ ያጨሱ አልተካተቱም። ያ የ10 ድንበር የመጣው ከዚህ ነው። ወንድምዎ ላይ ይሠራ አይሠራ የሚናገረው ማስረጃ ቀጭን ነው። ዱፒሉማብ የተባለው መርፌ ኢዮሲኖፊላቸው ከፍ ላለ የሲኦፒዲ ሕሙማን በአሜሪካ እንደ ፈረንጆቹ በ2024 ተፈቅዷል፤ ስለዚህ ያጨሰ ሰው መርፌ አይነካም ማለቴ አይደለም። ሆኖም እነዚህ መድኃኒቶች ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ቅዝቃዜ ውስጥ መቆየት አለባቸው። ሻንጣ ውስጥ ሆኖ ቦሌ የደረሰ መርፌ ፈሳሹ ጥሩ መስሎ ይታያል፤ መሥራት አለመሥራቱን ግን ማንም አያውቅም። የሚከታተለው ሐኪም ሳይኖር፣ ትሉም ሳይመረመር፣ በሰው ስም የታዘዘ መድኃኒት ልኮ መወጋት ገንዘብዎንም ወንድምዎንም አያድንም።

ምን ይላኩ? ስፔሰር። ፓፉ ጫፍ ላይ የሚገጠመው የፕላስቲክ ቱቦ ነው፤ ቢጠፋ የግማሽ ሊትር የውኃ ፕላስቲክ ከሥሩ ፓፉን በሚያስገባ ልክ ተቀዶ ያንኑ ሥራ ይሠራል። ከዚያ የኒኮቲን ማስቲካና ፕላስተር፤ አሜሪካ ውስጥ ያለ ሐኪም ወረቀት ከፋርማሲ ይገዛል። በቀን ከ10 ፍሬ ለማይበልጥ ሰው 14 ሚሊግራሙ ፕላስተር ይበቃል፤ ውል ሲለው የ2 ሚሊግራሟን ማስቲካ ያክልበት። በርጫ ላይ ግን ይህ ሁሉ አይሠራም፤ ጉንጩ በጫት ተወጥሮ ማስቲካ የት ያስቀምጣል? እውነቱን ለመናገር ወንድምዎን የሚያስቸግረው ሲጋራው ሳይሆን ቅዳሜው ነው። ምርቃናው ሲመጣ እጅ ራሱ ፓኬቱን ይፈልጋል። ሁለቱን ነጣጥዬ ላቁም ያለ ታካሚ ሲሳካለት ያየሁት ከስንት አንዴ ነው። ቢያንስ የመጀመሪያዎቹን ስድስት ሳምንታት ከጫት ቤቱ መራቅ አለበት፤ ሺሻው፣ ከሰሉና የሌላው ሰው ጭስ ባለበት ቤት ራሱ ባያጨስ እንኳ እየሳበ ነው። በዓቢይ ጾም ወይም በረመዳን መግቢያ ቀን ቆርጠው የተዉ ብዙ አውቃለሁ፤ ቤተሰቡ ሁሉ ሥርዓት በሚቀይርበት ሰሞን የራስን ሥርዓት መቀየር ይቀላል።

አንዳንዶች «ጫት ስቅም ትንፋሼ ይከፈታል» ይሉኛል፤ አልስቅባቸውም። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን የኤፌድሪን የቅርብ ዘመድ ነው። ግን ይኸው ዝምድና ነው የሚያሳስበኝ፤ ምክንያቱም ወንድምዎ ቴዎፊሊን ይወስዳል፤ አንዳንዱ ኪኒን ደግሞ ቴዎፊሊንና ኤፌድሪን የተቀላቀለበት ነው። ልቡ ላይ ሦስት ሰው እየጮኸበት ነው ማለት ነው።

ስለ ቴዎፊሊኑ ይህን በቃል ይያዙልኝ፤ ከጻፍኩት ሁሉ ሕይወት ሊያድን የሚችለው እሱ ነው። የሲጋራ ጭስ ጉበት ቴዎፊሊንን ቶሎ ቶሎ እንዲያስወግድ ያደርጋል። ለዚህ የሚዳርገው ጭሱ እንጂ ኒኮቲኑ አይደለም፤ ስለዚህ ፕላስተር መለጠፉ ነገሩን አይቀይረውም። ሲጋራውን ባቆመ በቀናት ውስጥ ጉበቱ ወደ ቀድሞ ፍጥነቱ ይመለሳል፤ ያው የድሮው መጠን ደም ውስጥ እየተጠራቀመ ይሄዳል። ማቅለሽለሽ፣ የእጅ መንቀጥቀጥ፣ የልብ ምት መፍጠን፣ ሲብስ መንፈራገጥ ያመጣል። «ሲጋራ ሳቆም አመመኝ» ብሎ ወደ ሲጋራው የተመለሰ ሰው አይቻለሁ፤ ያመመው ኪኒኑ ነበር። ስለዚህ ከማቆሙ በፊት ለሐኪሙ ይንገር፤ መጠኑ ይቀነስለታል ወይም ጭራሽ ይወጣለታል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሳሉ ትንሽ ቢጨምር አይደንግጥ፤ አክታን ጠራርገው የሚያወጡት የቧንቧው ፀጉሮች ሥራ መጀመራቸው ነው።

በእነዚህ ስድስት ሳምንታት ስቴሮይድ ያለበትን ፓፍ አንድ ቀንም አይዝለል። ሲያበቃ ደሙም ስፓይሮሜትሪውም ይደገም፤ አሁንም ኢዮሲኖፊሉ ከፍ ብሎ፣ ትል ሳይኖር፣ ፓፉን በትክክል እየወሰደ ከታፈነ ያኔ ከባድ አስም የሚለው ስም ተገቢ ነው፤ ስለ መርፌም ከሐኪሙ ጋር በቁም ነገር መነጋገር ይቻላል። በመሃሉ አስሙ ተነሥቶበት አንድ ዓረፍተ ነገር መጨረስ ካቃተው ወይም ከንፈሩ ከጠቆረ፣ ሳልቡታሞሉን በስፔሰር በየ20 ደቂቃው ከ4 እስከ 10 ጊዜ እየሳበ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂድ፤ መኪናው እስኪመጣ ቁጭ ብሎ ይጠብቅ፣ አይጋደም።